ከጋሽ ሸዋንግዛው ኋላ

ሮማን ሌዳሞ ፈሪ ናት። ይህን የምለው እሷን ለማማት አይደለም፤ ራሷም አትደብቀውም። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ በእኛ ሰፈር፣ ውሻ ከሩቅ ካየች በሌላ መንገድ ትዞራለች። ሐዋሳ ተወልዳ አድጋ ሐይቁ ላይ ጀልባ ተሳፍራ አታውቅም። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ከአልጋዋ ወርዳ እናቷ ብርድ ልብስ ውስጥ የምትገባ ልጅ እንደነበረች እናቷ እስከ ዛሬ ያወራሉ። እንግዲህ በጨው ባሕር በረሃ ላንድክሩዘር ይዛ የሄደችው ይህችው ሴት ናት።

ቀድሞ ከመናኸሪያ ፒያሳ ባጃጅ ትነዳ ነበር። ያን ጊዜ ሴት ባጃጅ ነጂ ብርቅ ነበረችና ተራ የሚጠብቁት ወንዶች ይተርቧታል።

«ሮሚ፣ እኛንስ ፒያሳ አታደርሽንም?»

«እናንተን ለመጫን አይሱዙ ያስፈልጋል» ትላቸውና ታልፋለች። ምላሷ አይፈራም፤ የሚፈራው ሌላው አካሏ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ሸዋንግዛው ተሳፈሩ። ለተመራማሪና ለአገር ጎብኚ መኪና የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ፣ በሙቀትም በብርድም ካኪ ኮታቸውን የማያወልቁ፣ የደቡቡን በረሃ እንደ ግቢያቸው የሚያውቁ ሾፌር ነበሩ። ሮማን መስቀለኛው ሁሉ ላይ፣ ሰው ባይኖርም፣ ፍጥነት ስትቀንስ አይተው ሲወርዱ ጠየቋት።

«ልጄ፣ ባዶ መንገድ ላይ ለማን ነው ፍሬን የምትይዢው?»

«ድንገት ለሚገባብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እንዲህ የምትፈሪ ከሆነ ትልቅ መኪና ላስተምርሽ» አሉ። ቀልድ መስሏት ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ ታቦር ተራራ ሥር ባለው ሜዳ ላይ ላንድክሩዘሩን አቁመው ሲጠብቋት አገኘቻቸው። ፍሪሲዮን አለቃቀቅ፣ የከባድ ማርሽ አገባብ፣ አሸዋ ላይ ጎማ ማስተንፈስ፣ ሁሉንም የተማረችው ከእሳቸው ነው። ቆይቶም እዚያው ድርጅት አስቀጠሯት።

በመስክ ሾፌሮቹ ዘንድ አንድ ልማድ አለ። መሪ ያስያዘህን ሰው መንገድ ላይ አትቀድመውም። ቀስ ቢል ቀስ ትላለህ፤ ቢቆም ትቆማለህ፤ አቧራውን እየዋጥክ ከኋላው ትሄዳለህ። ማዕድ ላይ ታላቅ ሳይቆርስ እጅ እንደማይሰነዘረው ያለ የአክብሮት ነገር ነው። አስተማሪውን ቀደመ የተባለ ሾፌር ወሬው ከመናኸሪያ እስከ ሞያሌ ይዳረሳል። ሮማን ለዓመታት ከጋሽ ሸዋንግዛው ኋላ ስትነዳ አንድ ቀን እንኳ ቀድማቸው አታውቅም፤ መቅደምም አምሯት አያውቅም። ከፊት ማን እንዳለ ማወቅ ፍርሃቷን ያቀልላት ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን አፈር ሊያጠኑ ሁለት መኪና ተከራዩ። ጉዞው ረጅም ነው፤ በአርባ ምንጭ አልፎ፣ ከኮንሶ ወርዶ፣ ጨው ባሕርን በሰሜን ጫፉ አቋርጦ፣ በተልተሌ ወጥቶ፣ በያቤሎና በዲላ ዞሮ ሐዋሳ መግባት። የጉዞው ኃላፊ ሰይፈሚካኤል የሚባል ወጣት ዶክተር ነው፤ እሱ ከጋሽ ሸዋንግዛው ጋር ከፊት ሆነ። ባልደረባው ሳያት፣ የደሴ ልጅ፣ ከሮማን ጋር ከኋላ ተቀመጠች። ድንኳኑ፣ የውሃ ጀሪካኑ፣ በየመንገዱ የሚሰበሰበው የጥናት አፈር የሚሞላበት ከረጢት በሁለቱ መኪኖች ተከፋፈለ።

የመጀመሪያውን ምልክት ሮማን ያየችው ኮንሶ ላይ ነው። ጋሽ ሸዋንግዛው ስልካቸውን ሰጧትና «ማን እንደደወለ እይልኝማ፤ መነጽሬን ሐዋሳ ረስቼው» አሏት። ሮማን በዚያ ሁሉ ዓመት መነጽር ሲያደርጉ አይታቸው አታውቅም።

ሁለተኛው የባሰ ነበር። በረሃ ላይ ሾፌር መንገድ ዳር ያገኘውን ሰው ሁሉ እጁን አንሥቶ ሰላም ሳይል አያልፍም። ሰላም ያላልከው ሰው ነገ መኪናህ ሲሰበር ብቸኛው የምታገኘው ሰው ሊሆን ይችላል። ከወይጦ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ ጋሽ ሸዋንግዛው እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ሞቅ ያለ ሰላምታ ሰጡ። ሮማን ለማን እንደሆነ ልታይ አንገቷን አሰገገች። ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ የተቃጠለ የግራር ጉቶ ነው።

«አየሽ?» አለች።

«ምኑን?» አለች ሳያት።

«ጉቶውን ሰላም አሉት።»

ሳያት ሳቀች። «ኧረ ባክሽ። እያሾፉብን ነዋ። እሳቸው መች ተጫውተው ይጠግባሉ።»

ሮማንም ለመሳቅ ሞከረች፤ ጉቶውን ግን እስኪጠፋ ድረስ በመስታወት አየችው። ብዙም ሳይቆይ የፊተኛው መኪና ዳር ላይ ያለ ትልቅ ኩይሳ ገጭቶ የጎን መስታወቱ ረገፈ። ሁሉም ወረዱ። ዶክተሩ «ጋሼ ከምስጥ ጋር ተጣሉ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ከሁሉም አብልጠው የሳቁት ጋሽ ሸዋንግዛው ነበሩ። ሳቃቸው ረዘመ። ሮማን እንዲህ ሲስቁ ሰምታቸው አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ግራር ጥላ ሥር ለሻይ ሲያርፉ ኩባያውን ራሷ ይዛላቸው ሄደች። እጃቸውን ዘረጉ፤ አየር ጨበጡ፤ እንደገና ዘርግተው የእጇን አንጓ ያዙ፤ ከዚያም እየዳበሱ ኩባያውን አገኙት። ሮማን ፊታቸውን ቀና ብላ አየች። ከብሌናቸው ላይ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ብቻ የሚታይ፣ እንደ ስስ ወተት ያለ ነገር አለ።

«ጋሼ» አለች።

«ወዬ ልጄ።»

«ስኳር ልጨምርልዎት?»

ሌላ ሊወጣት አልቻለም። ዶክተሩ በሰማበት ብትናገር፣ ጋሽ ሸዋንግዛው ከእንግዲህ መሪ አይጨብጡም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩበት ስም በአንዲት ተማሪያቸው አፍ ያልቃል። ዝም ብትል ደግሞ ነገ የሚሻገሩት ጨው ባሕርን ነው፤ ከዱካው የወጣ መኪና ለወራት ተውጦ የሚቀርበትን ሜዳ፤ አራት ሰው ሆነው ዓይናቸው የማያይ ሰው አቧራ ተከትለው። ተሳስቼ ይሆናል እያለች ራሷን ታባብላለች። ትክክል መሆኗን ግን ታውቃለች፤ የሚያስፈራትም እሱ ነው። ነገ ሳንነሣ ለብቻቸው እነግራቸዋለሁ ብላ ተኛች። በማግስቱ ጋሽ ሸዋንግዛው ከሁሉም ቀድመው ተነሥተው ሞተር አስነሥተው ነበር።

ጨው ባሕር በበጋ ባሕር አይባልም። ዓይን እስከሚደርስበት ነጭ ነው፤ ዛፍ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ጥላ የሚባል ነገር የለው። ላዩ የጨው ቅርፊት ነው፤ ቅርፊቱ የሚሸከምበትን ከማይሸከምበት የሚለየው ከዚህ በፊት መኪና ያለፈባት ጠቆር ያለች የዱካ መስመር ብቻ ናት። ሮማን በአቧራው ምክንያት ራቅ ብላ ትከተላለች። ስልክ እዚያ ኔትዎርክ አይኖረውም። ሰሜን በኩል፣ ተራሮቹ ላይ፣ ሰማዩ ጠቁሯል።

ሜዳው ውስጥ ገብተው ጥቂት እንደተጓዙ ከዱካው ዳር አንድ ሰው ቆሞ አየች። ከብት ጠባቂ ነው፤ ጠመንጃ በትከሻው፣ ትንሽ ብርኩማ በእጁ። ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አንሥቶ ያወዛውዛል። የጋሽ ሸዋንግዛው መኪና ሳይዘገይ፣ ሰላምም ሳይል፣ በአጠገቡ አለፈ። ሰውየው ዞሮ በአቧራው መሐል ቆሞ ቀረ።

ሮማን አቆመች። ሰውየው አማርኛ አያውቅም፤ እሷ ሲዳምኛ ሞከረች፤ እሱም አልሆነ። ከዚያ በእጁ ነገራት። መጀመሪያ ወደ ጠቆረው ተራራ አሳየ። ቀጥሎ ጣቶቹን እያርገበገበ ዝናብ አወረደ። መዳፉን ዘርግቶ ከመሬቱ ቅርፊት በታች ሲሳብ አሳየ፤ ከተራራው ወደ ሜዳው፣ ቀስ እያለ። መጨረሻ ላይ ወደ ሄደው መኪና ጠቆመና መዳፉን ቁልቁል ገፍቶ ጡጫውን ዘጋ።

«ምን እያለ ነው?» አለች ሳያት። ድምፅዋ ተለውጧል።

«ውሃ በሥር መጥቷል ነው የሚለው። ፊት ለፊት ጭቃ ነው።»

መብራት እያበራች እያጠፋች ነዳች። ጡሩምባ ነፋች። ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ ድምፁ ወደ ኋላ ተመልሶ ይቀራል። የፊተኛው መኪና አቧራ አልቀነሰም። አሁን የቀራት አንድ ነገር ነው፤ ከዱካው ወጥቶ መቅደም።

«ሳያት፣ ቀበቶሽን አጥብቂ» አለች። «ጸልዪም።»

ከባድ ማርሽ አስገብታ መሪውን ወደ ግራ ሰበረች። ጎማው ቅርፊቱን ሲሰብር ሳህን እንደሚሰበር ነው የተሰማት። መኪናው ከኋላ ተጎተተ፤ ሞተሩ አቃሰተ። እግሯን ከነዳጁ ብታነሣ ወይ ፍሬን ብትነካ እዚያው እንደሚያልቅላቸው ታውቃለች። እግሯ እንዳይነሣባት ጉልበቷን በግራ እጇ ተጭና ያዘችው።

«ሮሚ፣ እየሰመጥን ነው።»

«አውቃለሁ። ዝም በይ።»

ጎን ለጎን ሲሆኑ ዞር ብላ አየች። ያየችውን እስከ ዛሬ ስትናገር ድምፅዋ ይዝላል። ጋሽ ሸዋንግዛው በሩን ገርበብ አድርገው ከፍተው፣ ወገባቸውን አጥፈው፣ ከግራ የፊት ጎማቸው ሥር ያለችውን ጠቆር ያለች መስመር ቁልቁል እያዩ ነበር የሚነዱት። ፊት ለፊት ጨርሶ አያዩም። አጠገባቸው ዶክተሩ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ሮማን ጡሩምባውን ተጭና ሳትለቅ አለፈች፤ ዱካው ላይ ተመልሳ ወጥታ መኪናዋን አግድም አቆመች። ጋሽ ሸዋንግዛው ፍሬን የያዙት ጎኗን ሊገጩ አንድ ክንድ ሲቀራቸው ነው።

ሞተሮቹ ጠፉ። ነፋስ ብቻ ቀረ።

ጋሽ ሸዋንግዛው በሩን ይዘው ወረዱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ማን ነው?» አሉ። ቀጥለው ኮታቸውን አስተካከሉ። «ሮማን ነሽ? ቀደምሽኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አንቺ፣ እኔን።»

ዶክተሩ ከእንቅልፉ ባንኖ ወርዶ ነበርና ጮኸባት። «አብደሻል እንዴ? ልትገድዪን ነው?»

ሮማን የጋሽ ሸዋንግዛውን ክንድ ይዛ ከመኪናዋ ፊት አልፋ ወሰደቻቸው። ጥቂት እንደተራመዱ የጋሽ ሸዋንግዛው እግር ቅርፊቱን ቀዶ እስከ ቁርጭምጭሚት ገባ። ቆሙ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አዲስ ጭቃ፣ የተራራ ጎርፍ ሽታ። ፊት ለፊታቸው የዱካው መስመር ወዲያው ጠፍቶ መሬቱ ያብለጨልጫል። እሳቸው ግን ብልጭታውን አላዩትም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ከኮንሶ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ።»

ጭቃውን ከጣታቸው ጠረጉ። «እኔም» አሉ። «ከጥር ጀምሮ ነው። አሁን ይሻለኛል፣ አሁን ይሻለኛል እያልኩ።»

ወደ መኪናው ሲመለሱ ሮማን ቀድማ ተናገረች። «ዶክተር፣ እኔ በጣም ፈርቻለሁ። ብቻዬን አልወጣውም። ጋሼ እኔ አጠገብ ይቀመጡልኝና የእሳቸውን መኪና እርስዎ ይያዙት።»

«እኔ? እኔ የምነዳው ቪትዝ ነው» አለ ዶክተሩ።

«ልጄ ነገሩን እያሳመረችልኝ ነው» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «ዓይኔ አያይም፣ ዶክተር። አንተን አሳፍሬ ሳላይ ነው የነዳሁት። ልትሰድበኝ ትችላለህ፤ ግን ከዚህ ከወጣን በኋላ።»

ዶክተሩ አፉን ከፍቶ ሊናገር ሲል ወደ ሰሜን ያለውን ጥቁር ሰማይ አየ፤ ተመልሶ ዘጋው። ቁልፉን ተቀበለ።

መኪና ማዞር አይታሰብም፤ ከዱካው የወጣ ይቀራል። ስለዚህ ሁለቱም በመጡበት መስመር በኋላ ማርሽ መመለስ ነበረባቸው። ሳያት ከኋላ በእግሯ እየሄደች በእጇ ትመራለች፤ ዶክተሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እንደ ሕፃን እየተነፋረቀ ወደ ኋላ ይነዳል። እሱ በደንብ ከራቀ በኋላ ሮማን ልትቀጥል ስትል የእሷ መኪና አልንቀሳቀስ አለ። አግድም በቆመበት ጊዜ የፊት ጎማዎቹ ጭቃ ውስጥ ሰጥመዋል።

«ምን ይታይሻል?» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው።

«ጎማው ግማሹ ገብቷል። ጋሼ፣ ከሥሩ ውሃ ይወጣል። ቡናማ ውሃ።»

«ይፈሳል ወይስ ይቆማል?»

«ቀስ እያለ ይሞላል።»

ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዳመጡ። «ጋሼ?»

«አለሁ። ነዳጅ እንዳትሰጪ። ውረጂና ጎማዎቹን አስተንፍሺ፤ እስኪላሉ። ጀሪካኖቹን አውርጂ። ከረጢቱንም፣ የዶክተሩን አፈር ሁሉ።»

«የዶክተሩን?»

«አፈሩ እዚሁ አገሩ ነው፤ አይጠፋበትም።»

በዚያ ሁሉ ፍርሃት መሐል ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። የተሞሉትን ከረጢቶች ተሸክማ ከጎማዎቹ ኋላ አነጠፈች፤ ድንኳኑን አጥፋ ደረበችበት። ጋሽ ሸዋንግዛው ጭቃው ላይ ተንበርክከው በእጃቸው እየዳበሱ ከጎማው ሥር ይጭራሉ። ከብት ጠባቂው ከኋላቸው ደርሶ ነበር፤ ማንም ሳይጠራው ጠመንጃውን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠና ትከሻውን ለመኪናው አፍንጫ ሰጠ። ጋሽ ሸዋንግዛውም ከጎኑ ሆኑ።

«ስነግርሽ» አሉ። «እስክነግርሽ ግን አትንኪ።»

ሮማን መሪውን ይዛ ጠበቀች። በፊት ለፊቱ መስታወት የሁለቱን ሰዎች ጎንበስ ያሉ ራሶች ታያለች። ማርሽ ተሳስታ ወደ ፊት ብትሄድባቸውስ? ማርሹን ነካች፤ የኋላ ማርሽ ነው፤ እንደገና ነካች። ላቡ ዓይኗ ውስጥ ይገባል። «ጌታ ሆይ» ከማለት ሌላ ቃል አልነበራትም።

«አሁን።»

መኪናው አቃሰተ፣ ተንጋደደ፣ ከረጢቱን ረገጠ፣ ወጣ። እግሯን አላነሣችም። ዶክተሩ ያለበት ደረቅ መሬት እስክትደርስ ወደ ኋላ ብቻ እያየች ነዳች። ስትቆም ጣቶቿ ከመሪው አልላቀቅ ብለው ሳያት አንድ በአንድ ፈታችላት። ጋሽ ሸዋንግዛው በከብት ጠባቂው ትከሻ ላይ እጃቸውን ጥለው ቀስ እያሉ መጡ። ከኋላቸው፣ ቅድም የቆሙበት ቦታ ላይ፣ ውሃው የጎማዎቹን ፈለግ ሞልቶ መገናኘት ጀምሯል።

ሰውየው የሜዳውን ጫፍ ይዘው በኮረብታው ሥር እንዲዞሩ በእጁ አሳያቸው። ጀሪካን ውሃና ቆሎ ሰጡት። ዶክተሩ ስለ ጠፋው አፈር አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጋሽ ሸዋንግዛው ተነሡ ሲባል ወደ ሮማን መኪና ሄደው በሾፌሩ በኩል ያለውን በር ዳበሱ፤ ቆም አሉ፤ ዞረው በሌላው በኩል ገቡ።

በማግስቱ ሮማን ከፊት ሆነች። ዶክተሩና ሳያት ከኋላዋ ናቸው። ጋሽ ሸዋንግዛው አጠገቧ ተቀምጠው «አሁን ምን ይታይሻል?» ይላሉ፤ እሷ ትናገራለች፤ እሳቸው «እንግዲያው ቀኙን ያዢ» ይላሉ። ደረቅ ወንዝ ሲሻገሩ፣ አሸዋ ሲወጡ እንዲህ ነው። ፍርሃቷ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልተዋትም። ከፊቷ የሚሄድ መኪና አለመኖሩን ትንፋሿ ሊለምደው አልቻለም፤ እያንዳንዱ ቁጥቋጦ የሆነ ነገር የደበቀ ይመስላታል።

ወደ ተልተሌ መውጫው ሲቃረቡ መንገዱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ በድንጋያማ ሸንተረር ይወጣል፣ ሌላው በገደል አፋፍ ይዞራል።

«ጋሼ፣ የቱ ነው?»

ዞር ብላ አየች። ራሳቸው በሩ ላይ ዘንበል ብሏል፤ አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ በጣም ጥልቅ በሆነ እንቅልፍ ውስጥ ናቸው። ከሐዋሳ ከወጡ ወዲህ ሲተኙ አላየቻቸውም። ማታ ማታ ሌሎቹ ሲተኙ እሳት ዳር ተቀምጠው ነበር የምታያቸው፤ ልማዳቸው ነው ትል ነበር።

ልትቀሰቅሳቸው እጇን ዘርግታ መለሰችው። ሞተሩን ሳታጠፋ ቀስ ብላ ወረደች። ከኋላ ዶክተሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይጠብቃል። ሮማን ሸንተረሩን ተመለከተች፣ አፋፉን ተመለከተች፤ መሬቱ ላይ ተቀምጣ በጣቷ ነካካችው። አፋፉ ላይ የሄደው ዱካ ሣር በቅሎበታል። ድንጋያማው ላይ የከብት ኮቴ አለ፤ ትኩስ ነው፤ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ላይ ደግሞ ሰው ካለ ውሃ አለ፣ ወደ ከተማ የሚወስድ መንገድም አለ። ተመልሳ ገባች፤ በሩን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ዘጋችው፤ መሪውን ወደ ድንጋያማው አዞረች።